ሳድግ ደህንነት እሆናለሁ

አራተኛ ክፍል ነን። ዘመኑ 1996 ዓ.ም. ነው። መምህራችን፣ እንደ ማንኛውም የአራተኛ ክፍል መምህር፣ «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ክፍሉ ከሰባ በላይ ተማሪ ስለነበረበት መልሱ ቶሎ ቶሎ ይሄድ ነበር። ዶክተር፣ ፓይለት፣ ዶክተር፣ መምህር (ይቺ ለማሽቃበጥ ነው)፣ ዶክተር፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ። ተራው እኛ ዴስክ ላይ ሲደርስ መካከላችን የተቀመጠው ጓደኛችን ብድግ አለና «ደህንነት!» አለ።

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየት አደረጉና «ጎበዝ፣ ተቀመጥ። የሚቀጥለው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስ ጓደኛችን አንድም ቀን አልተገረፈም። ዶክተር እንሆናለን ያልነው ግን እንደ ወትሮው ተገርፈናል። ለሙያው ያለን አክብሮት የተጀመረው እንግዲህ ያኔ ነው።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ሁለት ሆነን ነው። ከዚያች ዴስክ ግራና ቀኝ የነበርነው ነን። ማን በየትኛው ጫፍ እንደነበር አንነግራችሁም፤ ምስጢር መጠበቅ እኛም እንችላለን።

አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው «ደህንነት» የሚለውን ቃል ፍቺ ቢፈልግ የሚያገኘው ጤናን፣ ሰላምን፣ ከክፉ ነገር መጠበቅን ነው። ጥሩ ቃል ነው። ጠዋት ስንገናኝ «ደህና አደርክ?» የምንባባልበት ቃል ዘመድ ነው። እኛ ከተማ ግን «እሱ'ኮ ደህንነት ነው» ከተባለ ወሬ ይቆማል፣ ሲኒ ይቀመጣል፣ ከመካከል አንዱ ሥራ እንዳለበት ድንገት ትዝ ይለዋል። ቃሉ መቼ እንዲህ እንደተገለበጠብን አስበን እናውቃለን? እኛ ማሰብ የጀመርነው ጓደኛችን በ2014 ዓ.ም. የአራተኛ ክፍል ሕልሙን ከምሩ መሆኑን ሲነግረን ነው። እዚያ እንደርሳለን።

አዲስ ዓለምን የማታውቋት ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ሆለታን አልፋችሁ፣ ከመነሻችሁ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ የምታገኟት ከተማ ናት። አዲስ አበባ ማገዶ አጥሯት በተቸገረች ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በኋላ ባሕር ዛፍ መጣና አዲስ አበባን ከመፈታት አዳናት፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ቦታም የማርያም ደብር ሆነ። ስለዚህ እኛ የአዲስ ዓለም ልጆች በባሕር ዛፍ ላይ የቆየ ቂም አለን። ይህን ቂም አትርሱብን፣ ከታች ያስፈልገናል።

በልጅነታችን ከተማችን ውስጥ አንድ ደህንነት ነበረ። ማለትም፣ ደህንነት እንደሆነ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ሰው ነበረ። (ሁሉም ካወቀው ምኑ ላይ ነው ምስጢሩ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።) ጥቁር መነጽር ያደርጋል፣ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ይለብሳል፣ እግሩን አነባብሮ አስፋልቱን ፊት ለፊት በምታይ አንዲት ቡና ቤት በረንዳ ላይ ይቀመጣል። በእጁ ትንሽ ደብተር አለች። መኪና ሲያልፍ ቀና ይልና የሆነ ነገር ይጽፋል። የሰሌዳ ቁጥር ነው የሚመዘግበው ተባለ። በተለይ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በነበሩት ወራት፣ እሱ ብቅ ሲል ሬዲዮ ይቀነሳል፣ ጋዜጣ ይታጠፋል፣ የሞቀው ክርክር ወደ ዝናብ ወሬ ይዞራል። ጓደኛችን ግን ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አቀማመጡን ይኮርጅ ነበር።

እውነቱን የሰማነው ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው። ሰውየው የባሕር ዛፍ ደላላ ነበር! አጠና ጭነው ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ አይሱዙዎችን እየቆጠረ፣ ሰሌዳቸውን እየመዘገበ፣ በየጭነቱ ኮሚሽኑን የሚቀበል ምስኪን ደላላ። መነጽሩም ዓይኑን ስለሚያመው ነበር። ከተማውን ለቆ ሲሄድ ለቡና ቤቷ ባለቤት «የአዲስ ዓለም ሰው ደግ ነው፣ ግን ዝምተኛ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ አብሮኝ ቡና የጠጣ ሰው የለም» አላት አሉ።

ባሕር ዛፍ ለሁለተኛ ጊዜ ጉድ የሠራን እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን የሚያስቅ ያልሆነ ነገር ቀረ። መንግሥት ለዚያ ሰው አንድ ሳንቲም ሳይከፍል ከተማችን አራት ዓመት ዝም ብላለታለች። ዝም ያሰኘን ሰው አልነበረም፤ ሰው ሊኖር ይችላል የሚለው ሐሳብ ብቻውን በቂ ነበር።

ጓደኛችን ስለላን ስለወደደ ብቻ አንፈርድበትም። ሥራው ነውር ሆኖ አልተፈጠረም። የድሮ ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛ የሚፈራው ሹም የለም፤ ከብት እየነዳ የተሰማውን በዜማ ያወጣዋል። ንጉሡም አገሩ ምን እንዳስከፋው ከእረኛው አፍ ይሰማል። በዐድዋ ጊዜም ባሻ አውዓሎም ለጣልያኖች የሚሰልል መስሎ ጄኔራል ባራቲየሪን ባያሳስተው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነው እንደዚያ ይሆን ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችን ከተማም ድርሻ አላት። በጣልያን ወረራ ዘመን «የውስጥ አርበኛ» የሚባሉ ነበሩ፤ ጠላት በያዘው ከተማ ውስጥ ተቀምጠው ለዱር አርበኞች መረጃ፣ መሣሪያና መድኃኒት የሚያቀብሉ። ከእነዚህ መካከል ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አንዷ ናቸው። ተይዘው ጣልያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ታስረዋል። ከተመለሱም በኋላ አርፈው አልተቀመጡም፤ አርበኞች አዲስ ዓለም የነበረውን የጣልያን ምሽግ ሲያጠቁ እሳቸው ከነገሩ ጀርባ ነበሩ። በዛሬ ቋንቋ ብናስቀምጠው እኚህ ሴት ሰላይ ናቸው። ግን ማንም የአዲስ ዓለም ሰው ስማቸው ሲነሳ ሲኒውን አያስቀምጥም። እንዲያውም ይኮራል።

ታዲያ የት ላይ ተበላሸ? በእኛ ግምት ነገሩ መልኩን የለወጠው፣ ጠላት የሚባለው ከባሕር ማዶ መምጣቱን ትቶ ጎረቤት የሆነ ጊዜ ነው። የጃንሆይ የደህንነት ሹም የነበሩትን ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁን ታሪክ ያነበበ ሰው ይገርመዋል። ንጉሡ ያመኗቸው፣ የአገሩን ወሬ ሁሉ የሚሰሙ ሰው ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ገርማሜ ንዋይ ጋር ሆነው መፈንቅለ መንግሥት ካደረጉት አንዱ እሳቸው ሆኑ፤ እጅ ከመስጠትም ሞትን መረጡ። ሕዝቡ ምን እንደሚል ከማንም በላይ ያዳመጠው ጆሮ መጨረሻው ይህ መሆኑ ለእኛ አጋጣሚ አይመስለንም። ብዙ የሰማ ሰው ወይ ይደነቁራል ወይ ወገን ይለያል።

ደርግ ነገሩን ሚኒስቴር አደረገው። የሕዝብ ደህንነት ጥበቃ ሚኒስቴር ተባለ፣ በኮሎኔል ተስፋዬ ወልደ ሥላሴ ተመራ፣ ሙያውንም ከምሥራቅ ጀርመኖች ተማረ። አስተማሪዎቹ ምን ዓይነት ሰዎች እንደነበሩ ለማወቅ ይህን አስቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የበርሊን ግንብ ሲፈርስ ሽታዚ የሚባለው መሥሪያ ቤታቸው ወደ 91 ሺህ የሚጠጋ ቋሚ ሠራተኛ ነበረው፣ ያውም 16 ሚሊዮን ሕዝብ ለሚኖርባት አገር። ጥቆማ የሚያቀብለው ተራ ሰው ከዚህ ውጭ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1992 ጀምሮ ጀርመኖች የሽታዚን መዝገብ ለባለቤቶቹ ከፈቱት፤ ማንም ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን ፋይል ጠይቆ ማንበብ ቻለ። አንዲት የፓርላማ አባል ለዓመታት ስለ እሷ ሪፖርት ሲያቀርብ የኖረው ሰው ባሏ መሆኑን ያወቀችው በዚሁ መዝገብ ነው። ተፋቱ። ቢያንስ ግን አወቀች።

ኢሕአዴግ ሲመጣ በዐዋጅ ቁጥር 6/1987 የደህንነት፣ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጉዳይ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ኃላፊው አቶ ክንፈ ገብረ መድኅን ግንቦት 4 ቀን 1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ መኮንኖች ክበብ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። ከእሳቸው በኋላ አቶ ጌታቸው አሰፋ እስከ 2010 ዓ.ም. መሩት፤ የእሳቸውን ፎቶግራፍ ያየ ሰው እምብዛም አልነበረም። የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት ዐዋጅ ደግሞ የደህንነት ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት መንገድ ባይገለጽም ፍርድ ቤት በማስረጃነት እንዲቀርብ ፈቀደ። ይቺን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቧት። የባሕር ዛፉ ደላላ ደብተር ቢሆን እንኳ ኖሮ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» ተብሎ ይጠየቅበት ነበር። (ዐዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል።)

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ።

ሦስታችንም አምቦ ዩኒቨርሲቲ ገባን። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለን፣ ሚያዝያ 2006 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን የኦሮሚያ ከተሞች የሚመለከተው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ተቀሰቀሰና አምቦ ውስጥ ሰዎች ተገደሉ። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። ከዚያ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከአዲስ ዓለም አለፍ ብላ ያለችው ጊንጪ ተነሳች፤ ነገሩ በጫካና በስታዲየም ቦታ ጀምሮ ኦሮሚያን ሁሉ አዳረሰ።

በዚያ ታኅሣሥ አንዳችንን ሲቪል የለበሱ ሰዎች ከመንገድ ላይ ይዘውት ሄዱ። የማን ሰዎች እንደነበሩና የት እንዳቆዩት እዚህ አንጽፈውም። ሃያ ሦስት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ሌሊት መርማሪው ፈገግ ብሎ አንድ ቀልድ ነገረው። «አንድ ለአምስት ማለት ምን ማለት ነው? አንዱ ሲያወራ አምስቱ የሚጽፉበት።»

ቀልዱ የአንዳችን ነበር። ራሱ ነው የፈጠረው። የተናገረውም በ2007 ዓ.ም. አንድ ምሽት፣ አምቦ ውስጥ በተከራየናት ክፍል፣ ሻማ አብርተን (መብራት ጠፍቶ ነበር) ሦስታችን ብቻ ተቀምጠን ነው። እሱ ተናገረ፣ ሁለታችን ሳቅን።

መርማሪው ቀልዱን ከእኛ በተሻለ አሳምሮ ነው የነገረው።

አንዳችን ሲፈታ እንደ ደንቡ ጠየቅነው፣ አብረነው በላን፣ ጠጣን። ስለ ቀልዱ ግን አልነገረንም። ለሌላችን የነገረው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ በ2011 ዓ.ም.፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በድብቅ እስር ቤቶች ስለተፈጸመው ማሰቃየት ኅዳር 3 ቀን በቴሌቪዥን መግለጫ በሰጡ ማታ። የደህንነት ሰዎች እየተያዙ ነበር፤ ማዕከላዊም ከተዘጋ ወራት ተቆጥረዋል። ሰው ሁሉ ተንፍሷል። አንዳችን ግን መግለጫውን እያየ «ይሄ ሁሉ ይታሰር፤ ያቺን ቀልድ ማን እንደነገራቸው ግን አይነግሩኝም» አለ። ሂሳቡ ደግሞ ቀላል ነው። ከሦስት ሰው ተናጋሪው ሲቀነስ ሁለት ይቀራል።

በሁለታችንና በጓደኛችን መካከል ሳይወራ የኖረ ነገር ይህ ነበር። መርማሪው በዚያ ሌሊት ያንን ቀልድ የነገረው መረጃ ፈልጎ አይመስለንም። ቀልዱን ከነገረ በኋላ ሦስት ጓደኛሞችን መከታተል አያስፈልገውም፤ እርስ በርሳችን እንከታተላለን።

እንግዲህ በዚህ መካከል ነው ጓደኛችን በ2014 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠርቶን «የሆነ መሥሪያ ቤት አመልክቻለሁ» ያለን። ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፣ እኛም አልጠየቅነውም። ፊቱ ላይ ያ የአራተኛ ክፍሉ «ደህንነት!» ነበረበት።

አንዳችን ሲኒውን አስቀመጠ።

ጓደኛችን የመጣው ተዘጋጅቶ ነው። አገሪቱ ጦርነት ላይ እንደሆነች፣ ከከተማችን ወዲያ ባለው መንገድ ሰው እንደሚታገት፣ አጋቹ ነገ የት እንደሚቆም ዛሬ የሚያውቅ ሰው ማስፈለጉን ነገረን። «ስትታገቱ ማን እንዲደርስላችሁ ትፈልጋላችሁ? ጦማሪ?» አለ። (ይቺ ለእኛ ናት።) ሙያው እንደ ድሮው በር ላይ ቆሞ ጆሮ መጥባት እንዳልሆነ፣ ኢንሳ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ልጅ በኮምፒውተር እንዳሠለጠነ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ራሳቸው ኢንሳን ካቋቋሙትና ከመሩት መካከል እንደሆኑ ዘረዘረ። ዛሬ ላይ ሆነን ብንጨምርለት፣ ያኔ የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር የነበሩት አቶ ተመስገን ጥሩነህ በ2016 ዓ.ም. ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። መሰላሉ ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው።

እኛም ተዘጋጅተን ባንሄድም ዝም አላልንም። «የምትገባበት ቤት አለቃው በተቀየረ ቁጥር ጠላቱ የሚቀየር ቤት ነው» አልነው። «ዛሬ አጋች ፈልግ ትባላለህ፣ ነገ ደግሞ ቀልድ የሚናገር ፈልግ ትባላለህ። ያኔ ምን ትላለህ?»

«እምቢ እላለሁ።»

«እምቢ ያለ ሰው እዚያ ቤት ሲቆይ አይተሃል?»

«ሁላችሁም እንደዚህ ብላችሁ ከቀራችሁ'ኮ የሚገቡት እምቢ የማይሉት ብቻ ናቸው።»

ለዚህ መልስ አልነበረንም። እውነቱን ለመናገር ዛሬም የለንም።

ያን ጊዜ ነው አንዳችን ስድስት ዓመት ያቆያትን ጥያቄ ያወጣት። «ቀልዷን የነገርካቸው አንተ ነህ?»

ጓደኛችን ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ሌላችን ዞረ። «እኔ'ኮ እስከዛሬ እሱ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት» አለ። እሱንም ለካ በዚያው ሰሞን መንገድ ላይ አስቁመው ያቺኑ ቀልድ ነግረውታል! ፈርቶ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሌላችን ደግሞ ቀልዷን ለማንም እንዳልተናገረ ማርያምን ብሎ ማለ። ከዚያ ሦስታችንም ያንን ምሽት እንደገና መቁጠር ጀመርን። የክፍሏ ግድግዳ ስስ ነበር። አከራያችን ነበሩ። ስልክ ነበረ። ምናልባት አንዳችን ራሱ ሌላ ቦታ ደግሟት ይሆናል፤ ጥሩ ቀልድ የፈጠረ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሮ አይተዋትም። አልጨረስነውም። ምን እንደሚጨርሰው የነገረን ጓደኛችን ነው።

«ፋይሉ አለ» አለ። «የሆነ ቦታ ተቀምጧል። እገባና አየዋለሁ።»

ቀልዱን ይሁን የምሩን አናውቅም። ጀርመን ብንሆን ማመልከቻ እንጽፍ ነበር። እኛ አገር ግን ስለ ራስህ የተጻፈውን ለማንበብ መጀመሪያ ተቀጣሪ መሆን አለብህ።

እንግሊዞች የውጭ ስለላ መሥሪያ ቤታቸውን በጋዜጣ ማስታወቂያ በግልጽ ሰው መቅጠር ያስጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አመልካቹን የሚመክሩት ነገር አለ፤ ማመልከትህን ከትዳር ጓደኛህ ወይም ከቅርብ ቤተሰብህ በቀር ለማንም አትንገር ይላሉ። ምክሩ ጥሩ ነው፣ ግን አዲስ ዓለም ላይ አይሠራም። እኛ ጋ ቅርብ ቤተሰብ ማለት ከማርያም ደብር እስከ መናኸሪያው ድረስ ያለው ሰው ነው። ጓደኛችን ለእናቱ ብቻ ነገራቸው። እናቱም ጥቂት ቆይተው «ልጄ፣ የሰው ወሬ ተሸክሞ መኖር ይከብድሃል። ግን አንተ ካልክ…» አሉና ፊታቸውን ወደ ምድጃው መለሱ። ለዕድርተኛው ምን እንደሚሉ ነበር ያስጨነቃቸው።

የፈተናውን ነገር አልነገረንም። ካለፈ በኋላ ግን እንደ ደንቡ ስለ አመልካቹ ጠባይ ማጣራት አለና፣ ሁለት ሰዎች ወደ አዲስ ዓለም መጡ። ጨዋ ሰዎች ናቸው። በየቤቱ እየገቡ «እገሌ የሚባል ልጅ ታውቃላችሁ? እንዴት ያለ ሰው ነው?» ይላሉ።

አሁን የከተማችንን ሰው አስቡት። ጊንጪን ያየ ሰው፣ አምቦን የሰማ ሰው፣ ልጁ ሃያ ሦስት ቀን የጠፋበት ሰው። ሁለት የማይታወቁ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው የሰፈሩን ልጅ በስም ሲጠይቁት ምን ይላል?

ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዱቤ ብስኩት የሰጡት ባለሱቅ «ስሙን ሰምቼ አላውቅም» አሉ። የዕድሩ ዳኛ «እንደዚህ የሚባል ልጅ እዚህ ሰፈር የለም፤ ምናልባት ሆለታ ጠይቁ» አሉ። ያዋለዱት እማማ «መልኩን ባየው ላስታውሰው እችል ይሆናል» አሉ። አንዱ ጎረቤት ደግሞ ከሁሉ ባሰ፤ «እሱማ ውጭ አገር ከሄደ ቆየ» አላቸው። ጓደኛችን በዚያች ሰዓት ከአጥሩ ወዲያ ምሳውን እየበላ ነበር።

ያን ማታ ሰፈሩ ሁሉ ተራ በተራ ቤታቸው መጣ። «ሰዎች እየፈለጉህ ነው» ይሉታል፣ በሹክሹክታ። «ለጊዜው ገጠር አክስትህ ጋ ብትቆይ።» ባለሱቁ አምስት መቶ ብር በእጁ አስጨበጡት፣ ለመንገድ። ጓደኛችን ምን ይበል? «የመጡት ሊቀጥሩኝ ነው» ይበል? ብሩን ተቀበለ። ሲሸኛቸው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፣ ባለሱቁ ፈርቶ ነው ብለው አጽናኑት። በሳምንቱ እናቱ ብሩን በማኅበር ስም አስመለሱት።

ሰዎቹ ወደ እኛም መጡ። ከሁለታችን ያገኙት ያንን የታሰረውን ነው። ቡና ጋበዙት። ከሁለቱ ዕድሜው ገፋ ያለው ሰውዬ ትሕትና የተሞላበት ድምፅ ነበረው፤ ጥያቄው ሲያልቅ «የመጨረሻ ጥያቄ» አለ። «ታምነዋለህ?»

አንዳችን የሻማዋን ምሽት አሰበ። የመርማሪውን ፈገግታ አሰበ። አላውቀውም ማለት ይችል ነበር፣ ከተማው ሁሉ ያለው ያንን ነው። አላምነውም ማለትም ይችል ነበር፤ በአንድ ቃል ወይ ጓደኛውን ከዚያ ቤት ያድነዋል፣ ወይ ይበቀለዋል፣ የትኛው እንደሆነ ለራሱም ግልጽ አልነበረም። ያለው ግን እንዲህ ነው።

«ከሕፃንነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ምስጢር ይጠብቃል።»

ሰውየው ጻፈው። ምስጋና ይሁን ክስ ይሁን አልጠየቀውም።

ከዚያ ወራት አለፉ። ጓደኛችን አንድ ቀን አዲስ አበባ ቤት ተከራየ። ምን ትሠራለህ ሲባል «ሎጂስቲክስ» ይላል። የምን ሎጂስቲክስ ሲባል «የዕቃ» ይላል። ገብቶ ይሁን አይሁን አናውቅም፤ እውነትም ዕቃ እያጓጓዘ ሊሆን ይችላል። የባሕር ዛፉን ደላላ እያስታወስን ራሳችንን እንገስጻለን። ሰፈሩ ግን ወስኗል። ባለሱቁ ሲያዩት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ አምስት መቶ ብር የሰጡት እሳቸው።

ባለፈው ኅዳር ጽዮን ለክብረ በዓሉ መጣ። እንደ ወትሮው እናቱ ቤት ተሰበሰብን፤ ሣሩ ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ተፈልቷል፣ ከደብሩ የከበሮ ድምፅ ይሰማል። አንዳችን አሮጌዋን ቀልድ አነሳ፣ አንድ ለአምስትን፣ እንዲያው ሊሞክረው። ጓደኛችን ሳቀ። ሳቁ የድሮው ሳቅ ነው። ስለ ፋይሉ እኛ አልጠየቅነውም፣ እሱም አልነገረን። ሁለተኛው ሲኒ ሲቀዳ ግድግዳውን ተደግፎ እግሩን ዘረጋና ከውጭ የከረመ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀ።

«እሺ፣ ከተማው እንዴት ነው? ሰው ምን ይላል?»

ሁለታችን ተያየን። እናቱ ጀበናውን አስቀመጡ።

«ጤፍ ተወዷል» አልነው።